ሐምሌ ካልሆነ አልሄድም

መጋቢት 3 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ይህ ደብተር የኡበይዳ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ልጄ ራሱ ጽፎባቸዋል። ወደ ዱባይ ከመሄዱ በፊት የዐረብኛ ቃላት ያጠና ነበር። ውሃ፣ መንገድ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ በር፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ይቅርታ ዘገየሁ። ለሙቀት የሚሆን ቃል አልጻፈም።

ከእሱ ጽሕፈት ቀጥዬ እኔ ጀመርሁ። ከስምንተኛ ክፍል ካቆምሁ ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም፤ እጄ ቶሎ ይዝላል። ልጄ ሰሚሐ ናት «እማዬ፣ ለሰው የማትነግሪውን ለወረቀት ንገሪው» ያለችኝ። ለሰው የማልነግረው ነገር እንዳለኝ በምን አወቀች?

ኡበይዳ የሞተው አምና ሐምሌ 19 ቀን ነው፤ እዚያ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን። እዚህ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ እዚያ በሞተር ለየቤቱ ምግብ የማድረስ ሥራ አገኘ። ቀትር ላይ ከሞተሩ ወርዶ ወደ ጥላ ሲሄድ ወደቀ አሉን። ሙቀት ነው አሉን። በማግሥቱ ቀበሩት። መቃብሩ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ደከመኝ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

የባሌ ወንድም መስዑድ ለአፍጥር መጣ። ቴምሩን በአንድ እጁ እየበላ በሌላው ከቦርሳው የሚያብረቀርቅ ወረቀት አወጣና ማዕዱ ላይ፣ ከሾርባው አጠገብ፣ አስቀመጠው። ግመል አለበት፤ አሸዋ አለበት። ጥርሷን ያሳየች ሴት አለችበት።

«በረሃውን በምርጡ ወቅት ይጎብኙ! ከኅዳር እስከ የካቲት። ለስላሳ ፀሐይ፣ ቀዝቃዛ ምሽት፣ የግመል ግልቢያ፣ ታላቅ ቅናሽ። ከግንቦት እስከ መስከረም አይመከርም።»

አይመከርም። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። 

መስዑድ ኅዳር ላይ የኡበይዳን ሻንጣ ሊያመጣልን ሄዶ ነበር። ሻንጣውን አመጣ፤ የጉዞ ቢሮ የመክፈት ሐሳብም አብሮ አመጣ። ሐዘን ሊደርስ የሄደ ሰው ንግድ አይቶ ተመለሰ። አሁን ከሐይቁ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ቢሮ አለው።

«እታለም፣ ጥር ላይ የመጀመሪያውን ቡድን ልወስድ ነው» አለኝ። «አንቺን በነጻ እወስድሻለሁ። መቃብሩንም አሳይሻለሁ፤ ቦታውን እኔ አውቀዋለሁ። የሰፈሩ ሴቶችም አንቺ ካለሽበት ደስ ብሏቸው ይመጣሉ።»

«ለምን ደስ ይላቸዋል?»

«ሐዘንተኛ መሸኘት እኮ ሰዋብ አለው፤ አላህ ይመነዳበታል።»

ባሌን ሙሔን አየሁት። ዳቦውን እየቆረሰ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ሐምሌ ከሆነ እሄዳለሁ» አልሁ። «ሐምሌ ካልሆነ አልሄድም።»

መስዑድ ሳቀ። «በሐምሌ ማን ይሄዳል! በሐምሌ እኮ እዚያ ሰው...» ብሎ አቆመ። አንድ ቴምር አንሥቶ አፉን ሞላበት።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ሙቀቱ ገባ። ቆርቆሮው ይጮኻል። ጾሙ ከበደኝ።

ኡበይዳ በዚህ ወር ነስር ይይዘው ነበር። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትራሱ ደም ነው። ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ አጥብለት ነበር። ሙቀት የማይችል ልጅ ነበር፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጋቢት 21፣ እሑድ። ዒድ።

እንግዳ ቤቱን ሞልቶ ዋለ። ሴቶቹ በእኔ ሳሎን፣ በልጄ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠው ወር ሲመርጡ ዋሉ።

«ኅዳር ጥሩ ነው፤ ፀሐዩ አይጎዳም።»

«ኧረ ጥር! ቅናሹ ያኔ ነው። ወርቁም ሽቶውም።»

«እህቴ ባለፈው በሰኔ ሄዳ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ስትሮጥ ነው የከረመች። ውጭ አይወጣም። ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ተጣበቀ ብላኛለች፣ ወላሂ።»

«በሐምሌማ ቅንድባችን ይቀልጣል! ሐሊማ፣ እናቴ፣ እንዴት ሐምሌ ትያለሽ? ነው ወይስ እኛን ልትጠብሺን ነው?»

ተሳሳቁ። ከዚያ አንዷ ፎቶግራፉን ቀና ብላ አየችና ሁሉም «አላህ ይርሐመው» አሉ። ወዲያው ደግሞ ጥር ወይስ የካቲት። አፋቸው ላይ የብስኩት ፍርፋሪ ነበር። አጸያፊ ነው ብዬ እዚህ ጻፍሁት፤ ፊታቸው ላይ ግን ሳህኑን እያዞርሁ «ጨምሩ እንጂ» ነው ያልሁት። እኔም ያው ነኝ።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ጎረቤቴ እናትዓለም ወደ ሐይቁ ዳር ይዛኝ ወጣች። ባሏ ቄስ ናቸው፤ በደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ሕማማት ስለሆነ አልተሳሳምንም፤ ጎን ለጎን ብቻ ሄድን። ስግደቱ ጉልበቷን ጨርሶታል።

እንቦጩ ዳሩን ሸፍኖታል። ከላይ አረንጓዴ ነው፣ አበባም አለው፤ ከሥሩ ግን ይሸታል። የአሣ ሆድ ዕቃ የሚጥሉትም እዚያው ነው። ከዚህ በፊት እዚህ ቦታ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ እንዲህ መሽተቱን ልብ አላልሁትም። አሁን ሁሉ ነገር ይሸተኛል። ሳሙና እንኳ ይሸተኛል።

«ሐሊማዬ፣ ለምን ሐምሌን እንዲህ ሙጥኝ አልሽ?» አለችኝ።

«እሱ ያየውን ማየት እፈልጋለሁ። ፀሐዩን በራሴ ላይ።»

«አንቺ ብትቃጠዪ እሱ ይቀዘቅዝለታል?»

ተናደድሁ።  ሴት ልጅ ወደ መቃብር መሄድ ተገቢ እንደሆነ ሸኹን ጠይቀን፣ «ካልጮኸች፣ ፊቷን ካልነጨች ትሂድ» ብለውናል። ስለ ወሩ ምንም አላሉም። ወሩ የእኔ ነው።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ጤና ጣቢያ ሄድን። ግፊቴ ከፍ ብሏል። ነርሷ ክንዴን እየፈታች፣ «እናቴ፣ ፀሐይ ላይ ረጅም ሰዓት አይቁሙ፤ ሙቀት ለእርስዎ መርዝ ነው» አለችኝ። ሰሚሐ ከጎኔ ነበረች።  ባጃጁ ቤታችን በር ላይ ሲቆም ነው፣

«እማዬ፣ ልትሞቺ ነው የምትሄጂው?» ያለችኝ።

ባለ ባጃጁ ዞር አለ።

«አፍሽን ዝጊ፤ በሰው ፊት!» አልኋት።

«ንገሪኛ! ወንድሜን ልታዪ ነው ወይስ ልትሞቺ?»

በጥፊ መታኋት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከሕፃንነቷ በኋላ መትቻት አላውቅም። አሁንም እጄ ያሳክከኛል።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ለሙሔ ምሳ ወደ ሱቁ ወሰድሁ። መስዑድ ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ ከሱ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ አላዩኝም።

«ሐምሌ፣ ሐምሌ፣ ሐምሌ! ሰው ሁሉ ‘ሐሊማ ትሄዳለች ወይ?’ እያለ ይጠይቀኛል፤ እሷ ደግሞ እንደ ግመል ቆማ ቀርታለች። አንተ ባሏ አይደለህ? ጥር በላት።»

«ተዋት» አለ ሙሔ።

«ለምን ሐምሌ?»

«ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ተዋት አልሁህ።»

ምሳውን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ተመለስሁ። ምኑን ነው የሚያውቀው? 

ግንቦት 10፣ እሑድ

ከፈጅር ሶላት በኋላ ነው የምጽፈው፤ ሌላው ሰው ተኝቷል።

እነዚያ ቀጣሪዎች ለኡበይዳ ሁለት ዙር አቅርበውለት ነበር። አንደኛው በጥር መጨረሻ፣ ሁለተኛው በሐምሌ መጀመሪያ። ምረጥ ብለውት ነበር። እሱ ጥርን ነበር የፈለገው። «ቶሎ ልጀምር፣ እማዬ» አለ። ሙሔ ዝም አለ፤ ሁልጊዜም ዝም ነው።

እኔ ነኝ ያቆየሁት።

ምክንያት ነበረኝ። ያኔ ምክንያቱ ጥሩ መስሎኝ ነበር። ጥር ላይ ቢሄድ ሥራውን ሳይለምድ መጋቢት ይመጣበታል ብዬ...

ሰሚሐ ተነሣች። ይበቃል።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ሻንጣው ከመኝታ ቤታችን በር ኋላ ቆሟል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይጋጨዋል። መስዑድ ካመጣው ስድስት ወር አለፈው፤ አልከፈትሁትም። ሰሚሐ «ልብሱን ሰደቃ እናድርገው» ስትል «ቆይ» እላለሁ። ከውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ። አረፋ።

ሥጋው ሸተተኝ። ለጎረቤት አከፋፍዬ እጄን አራት ጊዜ ታጠብሁ። መስዑድ ደውሎ፣ «እሺ፣ ሐምሌ ካልሽ ብቻሽን ትሄጃለሽ፤ ቢሮ ነይና ፎርሙን ሙዪ። ኋላ ግን እንዳትወቅሺኝ» አለኝ።

ረቡዕ እሄዳለሁ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የመስዑድ ቢሮ የዑድ ዕጣን ይሸታል። ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ መሣሪያ አስገብቷል፤ ከውጭ ሙቀት የገባ ሰው ጀርባው ላይ ላቡ ይደርቃል። በግድግዳው ላይ ያች ጥርሷን ያሳየች ሴት አለች፣ አሁን ትልቅ ሆናለች። ፎርሙን ሰጠኝ። «የጉዞ ወር» የሚለው ጋ ደርሼ እስክሪብቶውን እንደያዝሁ ሁለት ሰዎች ገቡ።

እናትና ልጅ ናቸው፣ ከዘንዘልማ። እናትየዋ ወለላ እባላለሁ አለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ ነበር፤ መስዑድ «ግቢ፣ ግቢ» አላት። ልጅቷ ሲና ትባላለች፤ ቀጭን ናት፣ ከሰሚሐ ብዙ አትበልጥም። መሬታቸው ለቤት መሥሪያ ተወስዷል። ልጅቷ እዚያው ዱባይ ሆቴል ውስጥ ልትቀጠር ነው።

«እኔ ሠራተኛ አልልክም፣ እናቴ። የእኔ የጉብኝት ነው» አላት መስዑድ።

«አውቃለሁ ጌታዬ፤ የሚልኳት ሌሎች ናቸው። እርስዎ አገሩን ያዩ ነዎት ብለውኝ ምክር ልጠይቅ ነው የመጣሁ። ሁለት ቀን ሰጥተውናል፣ ሐምሌ ወይም ኅዳር። እኔ ሐምሌን መርጫለሁ። ደግ አደረግሁ?»

«ሐምሌን ለምን?»

«ሙቀት አትችልም ልጄ። ሐምሌ ክረምት አይደል? ቀዝቀዝ ሲል ገብታ ትላመድ ብዬ ነው። ጋቢም ሸምኜላታለሁ።»

መስዑድ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ጋቢ! በሐምሌ! ኧረ እናቴ፣ እዚያ ሐምሌ እሳት ነው! ጋቢ ለብሳ ትጠበስልሽ!» ልጅቷ አቀረቀረች። ወለላ የሆነ ነገር ያጠፋች መስሏት እሷም ፈገግ አለች፣ ሳይገባት።

ያ ሳቅ... ምን እንደሚመስል አላውቅም። 

«አትሳቅ» አልሁት።

«እታለም፣ ስሚያት እስኪ፣ ጋ...»

«አትሳቅ አልሁህ! እኔም ልክ እንደዚህች ሴት ብዬ ነው ልጄን የላክሁት።»



ተነሥቼ ወለላ አጠገብ ተቀመጥሁ። እጇ ሻካራ ነው፤ ያዝሁት። «የእኔ ልጅ ነስር ነበረበት» አልኋት። «እዚህ በመጋቢት፣ በሚያዝያ ደሙ ይፈስስ ነበር። ጥር ላይ ልሂድ አለኝ። አይሆንም፣ መጋቢት ይደርስብሃል፣ ክረምት ሲገባ ሐምሌ ላይ ሂድ፣ ያኔ ይበርዳል አልሁት። ሰማዩ አንድ ነው ብዬ፣ ሐምሌ የትም ሐምሌ ነው ብዬ። ወፍራም ጃኬት ገዝቼ አስያዝሁት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሙቀት ገደለው። ልጅሽን በኅዳር ላኪያት።»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልጅቷ ግን ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ። ነገርኋት።

ፎርሙን ሳልሞላ ወጣሁ። ውጭ ሙቀቱ ተቀበለኝ። ግድግዳ ተደግፌ አስመለሰኝ።

ሰኔ 5፣ ኀሙስ

መስዑድ ለወንድሙ ደውሎ ነግሮታል። ሙሔ ከሱቅ በጊዜ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«የኡበይዳ እናት» አለኝ። ልጁ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። «እኔ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«በገባ በሦስተኛው ቀን ደውሎልኝ ነበር፣ ወደ ሱቅ። ይስቅ ነበር። ‘አባዬ፣ እማዬ ይበርድሃል ብላ ጃኬት አስይዛኛለች፤ እዚህ እኮ መሬቱ ይፋጃል’ አለኝ። ‘እንዳትነግራት፤ ካወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። ጥር ላይ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል አሉኝ፤ ሞተር ላይ ያኔ እለብሰዋለሁ፤ ትክክል ነበርሽ እላታለሁ’ አለኝ።»

«አሥራ አንድ ወር ሙሉ ይህን ይዘህ?»

«አትንገራት ብሎኛል።»

ምን እንደተሰማኝ አላውቅም። እንዲህ ያለ ዝምታ ያስጠላል፤ ባል ነኝ ብሎ አጠገቤ ሲተኛ፣ እኔ ከጎኑ ስበሰብስ እያየ። ከዚያም እኔ ራሴ ያልነገርሁትን አሰብሁ። እኔም ከጎኑ ተኝቼ ዝም ብያለሁ። ሁለት ዝም ባዮች አንድ አልጋ ላይ።

«ሐምሌ ላይ ልትሞቺ እንደምትሄጂ አውቃለሁ» አለኝ ሙሔ። «የማውቀው ይኸው ነው። እንዴት እንደማቆምሽ ግን አላውቅም ነበር።»

ሰሚሐ በር ላይ ቆማ ነበር። ያንን በጥፊ የመታሁትን ጉንጯን አየሁት። ወደ እኔ መጥታ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረገች።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሻንጣውን ከፈትሁት።

ጃኬቱ ከሁሉም ሥር ነው። እኔ እንዳጠፍሁት ታጥፏል፤ ከሱቅ የመጣበት የዋጋ ወረቀት እጅጌው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አንሥቼ አሸተትሁት። እሱን እሱን ይሸታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አዲስ ጨርቅና ፕላስቲክ ብቻ ነው የሚሸተው፤ ጠረኑ አልነካውም። ሌሎቹ ልብሶች እሱን ይሸታሉ፤ እነሱን መልሼ ዘጋሁባቸው።

ለመስዑድ ደወልሁ። «ጥር» አልሁት።

«አልሐምዱሊላህ! እታለም፣ ሴቶቹ ሲሰሙ...»

«ከነሱ ጋር አይደለም። ካንተም ጋር አይደለም። እኔና ሙሔ ብቻችንን እንሄዳለን። የመቃብሩን ቁጥር ለወንድምህ ጽፈህ ስጠው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። የልጄን ስም ደግሞ ሰው መጥሪያ እንዳታደርገው።»

«እሺ» አለ። ከዚያ፣ «ያች ሴትዮ ተመልሳ መጥታ ነበር፤ ወደ ኅዳር አዛውረውላታል» አለኝ። ድምፁ ላይ ሳቅ አልነበረም። ቢሆንም አሁንም አላምነውም።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ጥርን የመረጥሁት ፀሐዩ ለስላሳ ስለሆነ አይደለም። ያንን የመስዑድን የግመል ወረቀት ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ጥር ላይ ጠዋት ጠዋት ሞተር ላይ የሚበርደው የሰው ልጅ ይኖራል፤ የኡበይዳን ሥራ የሚሠራ። ስሙን አላውቀውም። መንገድ ዳር አስቁሜው፣ በልጄ ዐረብኛ «ይቅርታ» ብዬ፣ ጃኬቱን እሰጠዋለሁ። ከመቃብሩ መልስ።

በራሴ ላይ ያለኝ ጥላቻ አልሄደም። ሌሊት ስነቃ እዚያው አለ። ለሐምሌ 19 ቀን ግን ሰሚሐ እቤት ቁርኣን እናስቀራ ብላለች፤ እሺ አልኋት።

ዛሬ ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሮው አያደማምጥም። ቤቱ ባንዴ ቀዘቀዘ፤ ክንዴ ላይ ጸጉሩ ቆመ። እጅጌው ላይ የነበረውን ወረቀት በጥርሴ በጥሼ ጃኬቱን መልሼ አጠፍሁት። በረደኝ፤ ግን አልለበስሁትም። የሰው ነው።